ዳቦውን ከመተውዎ በፊት፦ የግሉተን ምርመራ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ዳቦ ወይም ፓስታ በበሉ ቁጥር ሆድዎ የሚነፋ፣ ተቅማጥ የሚመላለስብዎ ወይም በቂ እንቅልፍ ተኝተውም ድካም የማይለቅዎ ከሆነ፣ ዛሬ ዛሬ ከሥራ ባልደረባም ከስልክ ላይም የሚያገኙት ምክር «ግሉተን ይተዉ» የሚል ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ምክሩ ጉዳት ያለው አይመስልም፤ ብዙ ሰውም ተከትሎት ለጥቂት ሳምንታት ይቀለዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሴሊያክ በሽታን (ግሉተን አንጀትን የሚያስጎዳበትን ሕመም) የሚለዩት ዋነኞቹ ምርመራዎች በትክክል የሚሠሩት ተመርማሪው ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራይ እየበላ ባለበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተወ ሰው በሽታው እያለበት «የለብህም» የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ይህ በቤታችን ደርሷል። ታናሽ እኅቴ ለሦስት ዓመት ያህል «ደም ማነስ ነው» እየተባለች የአይረን እንክብል ስትውጥ ኖረች፤ እንክብሉን ስትወስድ ደሟ ከፍ ይላል፣ ባቆመች በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ስንዴ እንድትተው የመከረቻት ጓደኛዋ ነበረች። ከተወች በአምስተኛው ወር የደም ምርመራ ተደረገላትና ውጤቱ ነጋቲቭ ሆነ፤ ዳቦ ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ እንደሆነ ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እውነተኛውን መልስ ለማግኘት በየማለዳው ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሻይ ሰሃን ላይ አድርጋ፣ እንደ መድኃኒት እየቆጠረች፣ ለስድስት ሳምንት መብላት ግድ ሆነባት። በደብተሯም ቀኑን፣ የበላችውን መጠንና የተሰማትን ሕመም ትጽፍ ነበር። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ሌላ ሰው ያንን ስድስት ሳምንት እንዳያሳልፍ ነው።

መመዘኛዎቹ

«ግሉተን አይስማማኝም» የሚለው አባባል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ሴሊያክ በሽታ ነው፤ በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል በግሉተን ምክንያት ተቆጥቶ የራሱን ትንሽ አንጀት ያጠቃል፣ ምግብ የሚመጥጡትን ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶችም ያሳሳል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ያጠቃል ተብሎ ይገመታል። «የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አስተያየትም ትክክል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በምዕራብ ሰሃራ ሕፃናት ላይ ሲሆን፣ እሱም 5.6 በመቶ ነበር። ሁለተኛው የስንዴ አለርጂ ነው፤ ምግቡ በተበላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ሦስተኛው ሴሊያክም አለርጂም ሳይኖር ስንዴ ሲበላ ሆድ የሚታመምበት ሁኔታ ነው፤ ይህኛው እስካሁን የራሱ የላቦራቶሪ ምርመራ የለውም።

ስለዚህ ለማንኛውም አማራጭ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ከሦስቱ የትኛውን ለመለየት ያገለግላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ምርመራው በሚደረግበት ጊዜ ግሉተን መብላት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ነው። ሦስተኛው «አለ» ሲልም «የለም» ሲልም ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ነው፤ ብዙ ምርመራዎች በአንዱ በኩል ብርቱ፣ በሌላው በኩል ደካማ ናቸው። ወጪውና በሰውነት ላይ የሚያመጣው ጫና የመጨረሻው መመዘኛ ነው።

ሦስተኛውን መመዘኛ አክብጄ የማየው በምክንያት ነው። ሴሊያክ የተባለ ሰው ለዕድሜ ልኩ ከድፎ ዳቦ፣ ከገብስ ቆሎና ከበሶ፣ ከገብስ ገንፎ፣ ከጠላና ከቢራ ይለያል፤ በቅዱስ ቁርባን ጉዳይም ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ውሳኔ በግምት አይወሰንም። በሽታው እያለበት «የለም» የተባለው ደግሞ አንጀቱ እየተጎዳ፣ አጥንቱ እየሳሳ፣ ደሙም እያነሰ ይቀጥላል።

ጤፍ የሚበላ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይህ ለእኛ ትልቅ ጸጋ ቢሆንም በምርመራው ላይ ግን ያልታሰበ ችግር ይፈጥራል። በቀን ሦስት ጊዜ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ የሚበላና ዳቦ የሚቀምሰው ለበዓል ብቻ የሆነ ሰው፣ ሳያውቀው ግሉተን የቀነሰ አመጋገብ ላይ ነው፤ ደሙ ውስጥ የሚፈለጉት አንቲቦዲዎችም (የሰውነት መከላከያ ኃይል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) ሊገኙ በማይችሉበት መጠን ዝቅ ብለው ሊሆን ይችላል። የውጭ አገር መመሪያዎች የተጻፉት ዳቦ የዕለት ምግቡ ለሆነ ሕዝብ በመሆኑ ይህን ጉዳይ አያነሡትም።

በተቃራኒው ደግሞ እንጀራ የሚባለው ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራም ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት አለበት። ንጹሕ ጤፍ ገዝቶ ያስፈጨም ቢሆን ወፍጮው ከእሱ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ከነበረ ዱቄቱ መነካካቱ አይቀርም። በዚህ የተነሣ ከእኛ ዘንድ አንድ ሰው በቀን ምን ያህል ግሉተን እንደሚበላ በመጠየቅ ብቻ ማወቅ ያስቸግራል፤ ከምርመራው በፊት ያሉትን ሳምንታት መጠኑ በታወቀ ዳቦ መሙላት ይሻላል።

መጠኑስ ስንት ነው? የብሪታንያ የጤና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን እንዲበላ ይመክራል። በአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ዘንድ የቆየው ምክር በቀን ቢያንስ 3 ግራም ግሉተን ለ2 ሳምንት፣ ከተቻለም እስከ 8 ሳምንት የሚል ነው። ሦስት ግራም በግምት የአንድ ተኩል ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ግሉተን ነው። ስንዴ ሲበሉ ሕመሙ የሚበረታብዎ ከሆነ ግን ይህን በራስዎ አይጀምሩት፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ልጅ ከሆነ ወይም የአለርጂ ምልክት ታይቶ ከነበረ በሐኪም ፈቃድ ካልሆነ በቀር ፈጽሞ አይሞከርም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የሰገራ ምርመራ።* ስለ ግሉተን ምንም የሚናገረው ነገር ባይኖርም በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲደረግ የምመክረው እሱን ነው። ጃርዲያ የሆድ መነፋት፣ ቅባት ያለው ተቅማጥና ክብደት መቀነስ ስለሚያመጣ ሴሊያክን በእጅጉ ይመስላል፤ የአንጀቱን እጥፋቶችም እስከማሳሳት ይደርሳል። ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያውም ይሠራል። አንድ ጊዜ ነጋቲቭ ከሆነ በተለያየ ቀን መድገም ይጠቅማል፤ ጃርዲያ በየቀኑ አይታይምና። ወተት በጠጡ ጊዜ የሚብስብዎ ከሆነም የወተት ስኳር አለመስማማትን ለሐኪሙ ይንገሩ።

*የደም አንቲቦዲ ምርመራ።* ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። የሚታዘዘው «ቲቲጂ አይጂኤ» የሚባለው ሲሆን፣ ግሉተን በሚበላ ሰው ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን ያገኛል። ይሁን እንጂ ብቻውን መታዘዝ የለበትም። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ሲመጣ ከዋናው ውጤት ሥር «ቶታል አይጂኤ» የሚል ሌላ መስመር መኖሩን በዓይንዎ ይፈልጉ። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት አይጂኤ የሚባለውን አንቲቦዲ ጨርሶ ስለማይሠሩ የመጀመሪያው ምርመራ በእነሱ ላይ ሁልጊዜ ነጋቲቭ ይወጣል፤ ሁለተኛው መስመር ያንን ይገልጣል። ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ በአይጂጂ ላይ የተመሠረተ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል። የእኅቴ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ይህ መስመር አልነበረም።

ውጤቱ ከመደበኛው ወሰን ጥቂት ብቻ ከፍ ካለ ገና ሴሊያክ ነው ማለት አይደለም፤ የጉበት ሕመም፣ ዓይነት 1 ስኳር ወይም ኢንፌክሽን ሊያነሣው ይችላል። ብዙ እጥፍ ከፍ ካለ ግን ጥርጣሬው እየጠነከረ ይሄዳል።

*በቤት የሚደረግ የጣት ደም መመርመሪያ።* በአውሮፓ በየፋርማሲው ይገኛል። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ያንኑ ቲቲጂ ስለሆነ ሐሳቡ ከመሠረቱ የተሳሳተ አይደለም፤ ሆኖም ብዙዎቹ ቶታል አይጂኤን አያዩም፣ ቁጥርም ሳይሆን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ይሰጣሉ። የሐኪም ቀጠሮ ወራት የሚወስድ ከሆነ ቀጠሮውን ለማስቸኮል ሊጠቅም ይችላል። በእሱ ተማምኖ ስንዴ መተው ግን ስሕተት ነው።

*ኢንዶስኮፒ ከናሙና ጋር።* በአዋቂ ሰው ላይ የሴሊያክን ጥርጣሬ በማረጋገጥ ረገድ አሁንም ዋነኛው መንገድ ነው። ታካሚው ሳይበላ ይቀርባል፣ ማስታገሻ ወይም የጉሮሮ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፣ ቀጭን ቱቦ በአፉ ገብቶ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል። ሥራው ራሱ ብዙ ደቂቃ አይወስድም፤ ናሙና ሲቆረጥም ሕመም የለውም። ከባድ ጉዳት የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። በእኛ ዘንድ ኢንዶስኮፒ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ለጨጓራ ነው፤ ሐኪሙ ቁስለትና ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ይፈልጋል፣ ናሙናም ከወሰደ የሚወስደው ከጨጓራው ነው። የሴሊያክ አንጀት ደግሞ በካሜራ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል «አንጀቱ ደህና ነው» የሚለው የዓይን ምስክርነት በቂ አይደለም። ጉዳቱ በአንዱ ቦታ ኖሮ በሌላው ላይኖር ስለሚችል ከዱዶነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል) ቢያንስ አራት፣ ከዱዶነሙ ከራሱ መግቢያ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ናሙና መወሰድ አለበት። ይህን ከመተኛትዎ በፊት፣ ገና በቀጠሮው ዕለት፣ በትሕትና መጠየቅ ይችላሉ፤ «ለሴሊያክ ናሙና ይወሰድልኛል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚቀየም ሐኪም አላየሁም።

የናሙናው ውጤት ከደሙ ውጤት ጋር አብሮ መነበብ አለበት። እጥፋቶቹ የሚሳሱት በሴሊያክ ብቻ አይደለም፤ ጃርዲያ፣ የኤችአይቪ ሕመምና ኦልሜሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ለልጆች ሌላ መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ ቲቲጂው ከመደበኛው ወሰን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን በተቀዳ ደም «ኢኤምኤ» የተባለው አንቲቦዲ ከተገኘ፣ ያለ ኢንዶስኮፒ መወሰን እንደሚቻል ይፈቅዳል።

*የዘር ምርመራ።* ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉትን ዘሮች ያያል። ከሁሉም የሚለየው ግሉተን ሳይበሉም የሚሠራ መሆኑ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ከተገኙ ግን ብዙ ነገር አያረጋግጡም፤ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከመቶ ሰው ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ይዟቸው እየኖረ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ወጪው ከደም ምርመራው ይበልጣል።

*የአለርጂ ምርመራ።* በቆዳ ላይ በመርፌ ጫፍ ወይም በደም «አይጂኢ» በመለካት ይደረጋል። ስንዴ በልቶ ወዲያው ያበጠ፣ ሽፍታ የወጣበት ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚያስፈልገው ይህ እንጂ የሴሊያክ ምርመራ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ይህ የሚደርስበት ስንዴ በልቶ ስፖርት ሲሠራ ወይም ከባድ ሥራ ሲይዝ ብቻ ስለሆነ ምን ሲያደርግ እንደነበር ጭምር ለሐኪሙ ይንገር።

*በመቶዎች የሚቆጠሩ ምግቦችን በአንድ ጊዜ የሚመረምሩ የአይጂጂ ምርመራዎች።* እነዚህን አይግዙ። አይጂጂ በደም ውስጥ መገኘቱ የሚያመለክተው ያንን ምግብ መብላትዎንና ሰውነትዎ መላመዱን ነው፤ የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008፣ የካናዳውም በ2012 ለዚህ ዓላማ እንዳይውሉ በግልጽ አሳስበዋል። የፀጉር ምርመራም ከዚህ አይሻልም። ከውድ ዋጋቸው በላይ የሚያሳዝነኝ፣ ሠላሳ ምግብ የተከለከለ ዝርዝር ተሸክመው የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከምስር በከንቱ መለየታቸው ነው።

*በሥርዓት መተውና መልሶ መሞከር።* ሴሊያክና አለርጂ እንደሌሉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ አማራጭ ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል ግሉተን ይተዋል፣ ምልክቱ በየቀኑ በቁጥር ይመዘገባል፣ ከዚያም ግሉተን ተመልሶ ይሞከራል። ክብደቱ ያለው በመመለሱ ላይ ነው። የሴሊያክ ምክንያት ከግሉተን ጋር የተያያዘውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሕሙማን ልጆች ሲያገግሙ፣ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ ሲያገረሽባቸው አይቶ ጥርጣሬው ጸናለት።

እዚህም ላይ ስንዴው ያለ ጥፋቱ ሊወነጀል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ግሉተን አይስማማንም ያሉ 59 ሰዎችን ምን እንደሚበሉ ሳያውቁ ቢፈትን፣ ሕመማቸው የበረታው በግሉተን ሳይሆን በስንዴ ውስጥ በሚገኘው ፍሩክታን በተባለ ስኳር መሰል ነገር ነበር። ፍሩክታን በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም በብዛት አለ፤ የወጣችን መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ዳቦ የተወ ሰው አብሮ ሳንድዊቹን ከነሽንኩርቱ ስለሚተው በግሉተን የተሻለው ሊመስለው ይችላል። በጾም ወራት ሽሮና ምስር ሲበዛ የሚብስብዎ ከሆነም ስንዴውን ብቻ አይጠርጥሩ።

| አማራጭ | የሚለየው | ግሉተን መብላት ያስፈልጋል? | አስተማማኝነቱ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሰገራ | ጃርዲያና ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን | አይ | ከተደጋገመ ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ቲቲጂ ከቶታል አይጂኤ ጋር | ሴሊያክ | አዎ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| የቤት ጣት ደም | ሴሊያክ | አዎ | መካከለኛ፣ መረጋገጥ አለበት | መካከለኛ |
| ኢንዶስኮፒና ናሙና | ሴሊያክ | አዎ | ከደሙ ጋር ሲነበብ እጅግ ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| የዘር ምርመራ | የሴሊያክ ተጋላጭነት | አይ | «የለም» ሲል ብርቱ፣ «አለ» ሲል ደካማ | ከፍ ያለ |
| አይጂኢ ወይም የቆዳ ምርመራ | የስንዴ አለርጂ | አይ | ከታሪኩ ጋር ሲታይ ጥሩ | መካከለኛ |
| የአይጂጂ የምግብ ዝርዝር፣ ፀጉር | ምንም | – | የለውም | ከፍተኛ |
| መተውና መልሶ መሞከር | ሴሊያክም አለርጂም ያልሆነ የስንዴ አለመስማማት | በመጨረሻው ደረጃ አዎ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |

ለየሁኔታው የሚስማማው

አሁንም ዳቦ እየበሉ ከሆነና ገንዘብዎ ውስን ከሆነ፣ ሰገራውን ያስመርምሩ፣ ቀጥሎም ቲቲጂና ቶታል አይጂኤን በአንድ የደም ቅጂ ያስደርጉ፤ ከእነዚህ ውጭ ባለው ላይ ውጤቱ ሳይመጣ ገንዘብ አያውጡ። በኢትዮጵያ ይህን ምርመራ የማይሠራ ላቦራቶሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ስንዴ መብላትዎን ሳያቋርጡ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ፤ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነም ውጤቱ እስኪመጣ አመጋገብዎን አይለውጡ።

ስንዴ ከተዉ ወራት ካለፈዎትና መልሰው መብላት ከከበደዎት፣ አቅም ካለ በዘር ምርመራ ይጀምሩ። ዘሩ ከሌለ ዳቦ እየበሉ መሠቃየት አያስፈልግዎትም። ካለ ግን ሁለቱ መንገዶች ወይ በሐኪም ክትትል ዳቦውን መልሶ ጀምሮ መመርመር፣ ወይ ያለ ማረጋገጫ ተጠንቅቆ መኖር ናቸው፤ እኔ ለወጣት ሰው የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የአጥንትና የደም ክትትሉ፣ የቤተሰቡም ምርመራ የሚታዘዘው በእርግጠኛ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነውና።

በብሪታንያ ለሚኖሩ የቤተሰብ ሐኪም የደም ምርመራውን በነፃ ያዝዛል፤ በአሜሪካ ግን ከመመርመርዎ በፊት ኢንሹራንስዎ ኢንዶስኮፒውን ምን ያህል እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ። በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ኹብዝ የሚባለው የዐረብ ዳቦ የዕለት ምግባቸው ስለሆነ ለምርመራው የሚበቃ ግሉተን እየበሉ ሊሆን ይችላል፤ በጤና ካርዳቸው ደም መስጠት ከቻሉ አገር ቤት እስኪመለሱ ባይጠብቁ ይሻላቸዋል።

ቁመቱ የቆመ፣ ክብደቱ የማይጨምር ወይም ሆዱ የተነፋ ልጅ ካለዎት ስንዴውን ሳይቀንሱ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት። በክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ የሚያሳክክ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ያለበት ሰው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከሽፍታው አጠገብ ካለው ጤነኛ ቆዳ ናሙና ቢሰጥ ኢንዶስኮፒ ላያስፈልገው ይችላል፤ ይህ ሽፍታ ራሱ የሴሊያክ መልክ ነውና። ዓይነት 1 ስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው ሆዳቸው ባያስቸግራቸውም የደም ምርመራውን ይጠይቁ።

የእኅቴ ሁለተኛ ምርመራ ቲቲጂውን ከወሰኑ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ አሳየ፤ ከአንጀቷ የተወሰደው ናሙናም አረጋገጠው። የቅርብ የሥጋ ዘመድ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሟ እናታችንንና እኛን እንድንመረመር አዘዘ። እኛም በቀጠሮው ዕለት አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጽፈን ሄድን፦ ላለፉት ስድስት ሳምንታት በቀን የበላነው የዳቦ ቁራጭ ብዛት፣ እንጀራችን ከምን እንደተጋገረ፣ የምንወስደው መድኃኒት፣ በወረቀቱ ግርጌም «ቲቲጂ አይጂኤ እና ቶታል አይጂኤ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ» የሚል መስመር።